እናቴ የመረጠችው ሚሞሪ

እናቴን ይዤ ሶዶ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባሁላችሁ። እንደ ምርጫችን ተገጣጥሞ የሚመጣ የጌም ላፕቶፕ ልናዝ ነው። ግማሹን የምትከፍለው እሷ ናት፤ ተበላ ከተማ ገበያ ላይ ማንጎ የምትነግድ ሴት። ትልቅ ሚሞሪ እንደሚያስፈልገኝ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳት ጨንቆኛል። ባለሱቁ «ሚሞሪው አሥራ ስድስት ይሁን ሠላሳ ሁለት?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ቀደመችኝ። «ሚሞሪ ማለት ማስታወስ አይደል? ትልቁን አድርግለት። ይሄ ልጅ ይረሳል።» ባለሱቁ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ።

ቀጥሎ ሁለት የቻርጀር አዳፕተር አቀረበልን፤ አንዱ ቀለል ያለ፣ ሌላው ጡብ የሚያህል። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ ልክ እንደ ማንጎ ሁለቱን በሁለት እጇ መዘነችና ከባዱን መረጠች። «ውስጡ የሞላው ይሄኛው ነው» አለች። ባለሱቁ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማማ፣ ልክ ነዎት፤ ቀላሉ ጌም አይችልም» አላት።

ደስታዬን እንደምንም ደብቄ ስወጣ በር ላይ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሠላሳ ሁለት ገዝቼልሃለሁ። ከዛሬ ወዲያ መደወል ረሳሁ ብትለኝ አልሰማህም።»