ሁልጊዜ ሦስት

— ሄሎ... አዎ፣ ባለቤቷ ነኝ። ማን ልበል?... ከማስታገሻ ሕክምናው? እሺ ልጄ። ነርሷ ጠዋት መጥታ አገላብጣት ሄዳለች... አሃ፣ ስለ ነርሷ ነው። አገልግሎታችሁ ጥሩ ይሁን አይሁን ልታዩ... ጠይቂ።

— ሰዓት ታከብራለች። ባለቤቴን እንዴት ታናግራታለች አልሽ?... እንግዲህ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ይሳሳቃሉ። ምን ያስቃችኋል ስል ይብስባቸዋል። እኔን ሳያሙ አይቀሩም።

— አንዴ ቆይ... (የሕክምናው ሰዎች ናቸው። ጥሩ ናት ነው ያልኩት፤ አርፈሽ ተኚ።) ይቅርታ ልጄ፣ ባለቤቴ ናት፤ ከአልጋዋ ሆና እየጠራችኝ ነው። በነርሷ ላይ ክፉ እንዳልናገር ሰግታ።

— ሕመሙ? አዎ፣ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው ብላ ትጠይቃታለች። ሁልጊዜ ሦስት ነው የምትላት... ጥሩ ውጤት ነው አልሽ?... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ሦስት አይደለም።

— በምን አወቅህ ነው የምትዪኝ?... ሦስት ስትል የአንሶላውን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛ ነው። ነርሷ ከወጣች በኋላ ጣቶቿን አንድ በአንድ የማላቅቀው እኔ ነኝ።

— ቆይ፣ ልጠይቃት። (አንቺ፣ ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም?... ምን?... ማን አለሽ እንዲህ?)

— ሄሎ... ይኸውልሽ፣ ከአምስት ካለፈ ሆስፒታል አልጋ ያስይዙኛል ብላ ነው። ጎረቤታችንን ወስደዋት በዚያው ቀረች። እኔን ትታ መሄድ ፈርታለች። ሻይ እንኳ ማፍላት አይችልም ትላለች... እችላለሁ።

— አትወስዷትም?... መድኃኒቱ ነው የሚጨመረው? እዚሁ ቤቷ?... ለራሷ ንገሪልኝ። እኔን አታምነኝም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ልያዝላት...

— (ስሚያት... ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ አትቸኩይ... እኔን አትዪኝ፣ ለሷ ንገሪያት።)

— ሄሎ፣ እኔ ነኝ። ስንት አለችሽ?... ስምንት?

— (ስምንት ይዘሽ ነው ስለ ሻይ የምታወሪው?)

— አለሁ ልጄ፣ አለሁ... ነርሷ አሁን ተመልሳ ትመጣለች? መድኃኒቱን ይዛ?... እግዜር ይስጥሽ። በሩን ከፍቼ እጠብቃታለሁ።

— ለአገልግሎታችሁ ከአስር ስንት ነጥብ እንስጥ?... እሱን ዛሬ ተዪው። መጀመሪያ እንቅልፍ ይውሰዳት። ነገ ደውይ፤ ራሷ ትነግርሻለች... እሺ፣ ደህና ዋይ።

— (ዘግቻለሁ። አንሶላውን ልቀቂው በይ... የኔን እጅ ያዢ።)