ጀርባቸው ብቻ የሚታይ ፎቶ አንሺ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ገዝቶ መመለስ የኔ ሥራ ሆኗል። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ዳቦዬን ይዤ ወደ ግቢያችን ስገባ፣ ጎረቤቴ፣ የሰፈራችን ፎቶ ቤት ባለቤት፣ ጎንበስ ብለው በድንጋዩ ንጣፍ ላይ በጠመኔ ክብ ሲሠሩ አገኘኋቸው። በዚያ ዕድሜያቸው መሬት ላይ ሲስሉ ሳይ ሳቄ መጣ።

«ሰኞ ማክሰኞ ሊጫወቱ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«እንኳን መጡ መምህር። የወንበር ቦታ እያመለከትኩ ነው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ እትዬን አነሳታለሁ» አሉኝ።

እትዬ የሚሏቸው ታላቅ እህታቸው የሚኖሩት በሕንፃችን ምድር ቤት ነው። ታመው ከተኙ ሰንብተዋል፤ በዚያ ላይ ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ስለተደረጉ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣባቸው አይችሉም። ልጆቻቸው ከያሉበት መጥተው ተሰብስበው ነበር፤ ትልቁ ግን ማታውኑ ተመልሶ ይሄዳል። ሐኪሙም ለጥቂት ደቂቃ ደጅ ቢወጡ ግድ የለም ብሏል።

እህትየው ታዲያ በአንድ ነገር ሙጭጭ ብለዋል፤ ወንድማቸው ከጎናቸው ካልተቀመጡ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። እውነት አላቸው። ሰውዬው የቤተሰቡን ልደት፣ ምረቃና ሠርግ ሁሉ ሲያነሱ ኖረው፣ በአልበሙ ውስጥ የሚገኙት በአንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም በጀርባቸው። ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ አዘጋጅተው ወደ እህታቸው ሲሮጡ፣ ሳይደርሱ ቀጭ አለባቸው። ከዚያ ወዲህ የቤተሰቡ ሕፃናት «አባባ ጀርባ» ነው የሚሏቸው።

«ታዲያ ዛሬ ሊቀመጡ ነው?» ስል ጠየቅኳቸው።

«እቀመጣለሁ እላታለኋ። አንዴ ከተነሳች በኋላ ምን ታመጣለች?» ብለው ሳቁ።

«ምን አደከመዎት፣ ልጅዎ ታንሳችሁ! ተምራበት የለም እንዴ?»

ሳቃቸው ጠፋ። «መምህር፣ እትዬን ከኔ በቀር ማንም አንስቷት አያውቅም። የመጨረሻዋ ብትሆንስ? የመጨረሻዋን ለሌላ እጅ ልስጥ?»

ስለ እህታቸው እንዲህ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

በዚህ መሐል ልጃቸው ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ በትከሻዋ ተሸክማ መጣች። ፎቶግራፍ ተምራ ለመጽሔት የምትሠራ ወጣት ናት። እጅ ነስታኝ፣ በጠመኔ የተሠራውን ክብ አየችና ስልኳን ወደ ሰማይ አነሳች።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ አይሆንም።»

«ለምንድን ነው የማይሆነው?»

«አስር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አክስቴ ዓይን ውስጥ ትገባለች።»

«ወይ ጉድ! ያ ፊት ለፊት የተገተረው ሕንፃ ምን ሊሠራ ነው የቆመው? የትልቁን ልጇን ሠርግ እዚሁ ቦታ፣ በዚሁ ሰዓት አላነሳሁም? ጥላ እንደ ልብ ነበር!»

«ሠርጉ እኮ በሌላ ወር ነው የነበረው። እስቲ ና እየው።»

እኔም አብሬ አንገቴን አሰገግኩ። በስልኩ ላይ ግቢያችን እንዳለ ይታያል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሰዓታት የተጻፉበት ቢጫ መስመር እንደ ቀስት ተወጥሯል።

«ይሄ የዛሬዋ ፀሐይ የምትሄድበት መንገድ ነው» አለች። «አስር ሰዓት ላይ እዚህች ላይ ናት። በሕንፃውና በውኃ ታንከሩ ማማ መሐል ባለችው ክፍተት ሾልካ ትመጣለች።»

«ስልክ ስለ ፀሐይ ምን ያውቃል? እኔ ብርሃን የምለካው በዚህ ነው» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት እንዲያ ነው፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ብርሃኑ ሲያርፍበት ያዩና ካሜራቸውን ያስተካክላሉ።

ልጅቷ ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን።»

የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩና ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የፀሐይ መንገድ በየወሩ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንደሚሸሽ አስረዳሁ። ይህን ሉል እያሽከረከርኩ ስንቱን ተማሪ አስተምሬበታለሁ! አስር ሰዓት ላይ በገዛ ግቢዬ ውስጥ የት እንደምትደርስ ቢጠይቁኝ ግን መልስ አልነበረኝም። የኪስ ዕቃ እንዲህ አድርጎ ሲያሳየኝ ከልቤ ተደነቅሁ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ ለስለስ ብላ፣ «መዳፍህ አሁን ያለውን ብርሃን ይነግርሃል። ገና የሚመጣውን ግን ከየት ያመጣዋል? እስቲ ደግሞ ይሄንን እይ፤ ይሄኛው አፕ ብርሃን ይለካል። መጀመሪያ አንተ በመዳፍህ ንገረኝ።»

ነገሯት። እሷም ስልኩን ደቀነችና አሳየቻቸው፤ ልክ እሳቸው ያሉትን አለ።

«አላልኩሽም!» ብለው ፊታቸው በራ። ስልኩ ከሳቸው ጋር ስለተስማማ ብቻ አዋቂ ሆኖ ታያቸው። ሰው ሁሉ እንዲያው ነን፤ ያመሰገነንን ለማመን ማን ብሎን!

ልጅቷ ከደረጃው አጠገብ ሁለተኛ ክብ ሠራች። አባት ግን ሽንፈትን በአንድ ጊዜ መዋጥ አቃታቸውና፣ በራሳቸው ክብ ላይ አንድ ወንበር አስቀመጡ። «ፀሐይዋ ራሷ ትፍረደን» አሉ።

«እሺ ትፍረደን። ሌላም የማሳይህ አለኝ። ስልኩ ከካሜራህ ጋር ይገናኛል። ካሜራው የሚያየውን ስልኩ ላይ ታያለህ፤ በጣትህ ስትነካው ያነሳል። ያውም ከአክስቴ ጎን ተቀምጠህ።»

«ታዲያ አነሳ የሚባለው ማን ነው? እኔ ወይስ ስልኩ?»

«ሰዉን የሚደረድረው ማን ነው? ቀጭ የሚልበትን ሰዓት የሚያውቀው ማን ነው? አንተው ነህ። ስልኩ ክንድህን ነው የሚያስረዝምልህ።»

«ሥራ አስፈታችሁኝ!» ብለው አጉረመረሙና ሄዱ። እሺም እምቢም አላሉም።

አስር ሰዓት ሲቃረብ እህትየው ጥቁር መነጽር አድርገው፣ በልጆቻቸው ተደግፈው ወጡ። ካሜራው በማቆሚያው ላይ ሆኖ በተተከለበት ፊት ለፊት፣ በሁለተኛው ክብ ላይ ተቀመጡ። ወዲያው ፀሐይዋ በሕንፃውና በማማው መሐል ብቅ አለችና፣ በመጀመሪያው ክብ ላይ ብቻዋን የቆመችውን ወንበር አነደደቻት። እህትየው ያሉበት ጥላ ግን ለዓይናቸው ስለተስማማ መነጽሩን አወለቁ። ዓይናቸውን ካየሁት ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር!

ፎቶ አንሺው ያችን ወንበር ቆመው አዩዋት። ከዚያ ሄደው አነሷት፣ አምጥተው ከእህታቸው ጎን አደረጓትና ቁጭ አሉባት።

«አንቺ፣ ስጪኝ እስቲ ያንን ስልክ» አሉ።

ልጅቷ እንባ እንባ እያላት ሰጠቻቸው። ተቀምጠውም አለቅነታቸው አልቀረም፦ «አንተ ረጅሙ፣ ዝቅ በል! አንቺ፣ ኮሌታሽን አስተካክዪ! ማንም እንዳይነቃነቅ!» ብለው ስልኩን ነኩት። ቀጭ አለ። የወጣውን ሲያዩ ግን ጮኹ፦ «ወይኔ መላጣዬ!» ስልኩን አጎንብሰው ሲያዩ የተነሳው አናታቸው ኖሯል።

«አንተ ልጅ!» አሉ እህትየው፣ «ያኔ ጀርባ፣ ዛሬ አናት! ፊት አልተፈጠረልህም?» ብለው በሽታቸውን ረስተው ከት ብለው ሳቁ። ልጆቹም ሳቁ። ፎቶ አንሺው ቀና አሉና፣ ያን ሳቅ ሳያመልጣቸው በአውራ ጣታቸው ነኩት። መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው።

ትልቁ ልጅ ሻንጣውን ሳያነሳ ፎቶው ስልኩ ውስጥ ገብቶለታል። ልጅቷ በሌላ አፕ የጨለመውን ጥግ አፈካችው፤ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ፎቶው እንዲተርፍ አንድ ቅጂ በኢንተርኔት ወዳለ ማስቀመጫ ላከች። ይህን ጊዜ አባቷ፣ የጣሪያ ውኃ ገብቶ ያበላሸባቸው የፊልም ሳጥን ትዝ ብሏቸው፣ «ያኔ ይሄ ቢኖረኝ» ሲሉ ሰማኋቸው።

አንባቢዬ፣ የሙያ ኩራት ያለህ ሰው ከሆንክ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ሙያህን ሊነጥቅህ የመጣ አይምሰልህ። የፀሐይን መንገድ ቀድሞ ያሳይሃል፣ ብርሃን ይለካልሃል፣ ክንድህን ያስረዝምልሃል፣ የደከምክበትን ከውኃና ከእሳት ያስጥልልሃል። ማሳቁና ማስተዋሉ ያንተው ፈንታ ነው። ወዳጄ ዛሬም ሥራ ሲጀምሩ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ቀጥለው ስልካቸውን ያያሉ፤ ለሙያ ጓደኞቻቸውም ካላሳየሁ ብለው መውጫ መግቢያ ያሳጧቸዋል።

ሰሞኑን እህትየውን ልጠይቅ ገብቼ ነበር። አዲሱ ፎቶ ከአልጋቸው ትይዩ ተሰቅሏል፤ አሮጌው፣ ጀርባ ብቻ የሚታይበት፣ ከጎኑ አለ።

«ፊታቸው ከተገኘ ይሄን ለምን አያወርዱትም?» አልኳቸው።

«እሱንማ አላወርደውም» አሉኝ። «ወደኔ ሲሮጥ እኮ ነው።»