የመብራት ማቆሚያ

ዛሬስ ፀሐይዋ እንዴት ነበረች ባክሽ! ጠዋት ያሰጣሁት ልብስ ከምሳ በፊት ደረቀ። አንቺም የስፌት ማሽንሽን በረንዳ ላይ አውጥተሽ ደግ አደረግሽ፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ዓይንሽን ከምታጠፊ... እስቲ እጅሽ ካልሞላ ይቺን የቦርሳ ማንገቻ ስፊልኝ። ተበጥሳብኝ ነው። ክሩን ደረብ አድርጊው፣ ከበድ ያለ ነገር ልይዝበት ነው። ምን እንደሆነ ኋላ እነግርሻለሁ።

ምነው በዓይንሽ ትጠቅሺኛለሽ? በሩ ክፍት ነው፣ ይሰማሉ ብለሽ? ይስሙ! ምን ክፉ ቃል ወጣኝ? ደግሞስ ስለ እሳቸው ማን አወራ? የባሌ ታላቅ ወንድም ሥራ ላይ ናቸው፤ ለማታው የቀጥታ ስርጭት ከተኮስኩላቸው ሸሚዞች አንዱን እየመረጡ ነው። እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። ስለ አንድ የማውቃቸው... አዋቂ።

አንደበታቸው እንዴት ያለ መሰለሽ! ስልካቸውን ፊታቸው ያቆሙና ስለማያውቁት... ይቅርታ፣ ስለሁሉም ነገር ይናገራሉ። «ስልክ ቤተሰብ አፈረሰ» ይላሉ፣ በስልክ። ቤታቸው ገበታ ሲቀርብ የሁሉም ሰው ስልክ በፊቱ ይደፋል፤ ሥርዓት ነው። የሚቆመው የእሳቸው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ለእኛው... ለቤቱ ሰዎች ማለቴ ነው፣ ለእነሱው ክብር ነው። ስልክ የማይነካ ቤተሰብ እንዴት እንደሚበላ ለሕዝብ እያስተማሩ እኮ ነው! ቀረጻው ካላማረ ደግሞ ሁሉም ተነስቶ እንደ አዲስ ይቀመጣል። ምግቡ ቢቀዘቅዝስ ምን አለበት? ዕውቀቱ ትኩስ ነው።

መጽሐፍ ሲወዱስ! ከኋላቸው ያለውን መደርደሪያ ሰው ሁሉ ያደንቅላቸዋል። አቧራውን የምወለውለው... የምትወለውለው ልጅ እንደነገረችኝ፣ ገለጥ ስታደርገው አንዳንዱ ገጹ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ እንደተጣበቀ ነው። ጥንቃቄ አየሽ? እኔ እኮ መጽሐፍ ከያዝኩ ጠርዙን አጥፌ፣ የልጄ ምራቅ አርፎበት፣ ያሳፍራል። እሳቸው ግን ሳይነኩት ይተነትኑታል። ለዚህ መፈጠር ያስፈልጋል!

ፖለቲካውንም ያውቁበታል። «ዲሞክራሲ ከቤት ይጀምራል» ብለው ያን ሁሉ ተመልካች አስጨብጭበዋል። እውነትም እሳቸው ቤት ጀምሯል። ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ይታይ ሲባል ሁሉም በነፃነት ሐሳቡን ይሰጣል። ከዚያ ሪሞቱን ያነሱና ስለ ሐሳባችን አመስግነው የወደዱትን ይከፍታሉ።

ከሁሉ ከሁሉ ግን አንጀቴን የበላው የሴት ነገር ነው። «ሴት ልጅ ከጓዳ ትውጣ! ትማር!» ሲሉ የዛሬ ሳምንት በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ። ሩቅ አልነበርኩም፤ አጠገባቸው ቆሜ መብራት ይዤላቸው ነበር። ከጓዳ ወጥቼ ማለት ነው... አየሽ ንግግራቸው እንዴት ቶሎ ፍሬ እንደሚያፈራ?

የማታ ትምህርቴ የሚጀመረውም ያን ዕለት ነበር። ካቋረጥኩ ወዲህ ስመኘው የኖርኩት። ባሌ የማታ ፈረቃ ገብቷል፤ «ጋሼ፣ ለዛሬ ልጁን ይያዙልኝ» ብዬ ብለምን «አንቺ ልጅ፣ ስለ ሴቶች ትምህርት ልናገር በተነሳሁበት ሰዓት ነው እንዲህ የምታስቸግሪኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚያ ሁሉ ሴት ሲታሰብ አንዷ ለራሷ ስትል ታውካለች እንዴ? ልጄን በአንድ ክንዴ አቅፌ በሌላው መብራቱን ያዝኩ። ክንዴ ዝሎ ብርሃኑ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ፣ አንዱ ተመልካች «መብራቱን የያዘው ማነው?» ብሎ ጻፈ። ምን ብለው ቢመልሱለት ጥሩ ነው?

«ማቆሚያ ነው፤ ትንሽ አርጅቷል።»

...አትሳቂ እንጂ! እኔ ምንም አልከፋኝም። ማቆሚያ መሆኑስ ደህና፣ በዚህ ዕድሜዬ አርጅቷል መባሉ ነው ትንሽ ቅር ያለኝ።

ውይ፣ ጋሼ አልኩ እንዴ ቅድም? አፌ ነው። በዓለም ላይ ስንት ጋሼ አለ!

እሱን ጫፉን ቋጠር አድርጊው። አዎ፣ ደብተሮቼን ነው የምይዝበት። አስተማሪዋ ትናንት ደውላ «ነገም ከቀረሽ ወንበርሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፣ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል» አለችኝ። እና ዛሬ ልሄድ ነው። ልጁስ? የለም የለም፣ አንቺን አላስቸግርሽም፤ የሰው ልብስ ይዘሻል። ልጄ መደርደሪያው ሥር ፍራሹ ላይ ተኝቷል። በልቷል፣ ተቀያይሯል፣ ጡጦውም አጠገቡ ነው። መብራቱንም አቁሜላቸዋለሁ። በምን አትይኝም? በመጻሕፍቱ! ደራርቤ ደራርቤ፣ ልክ በክንዴ ቁመት። አይዝሉም፣ አይንቀጠቀጡም... ማን ነክቷቸው ያውቃል፣ ጉልበታቸው እንዳለ ነው።

የዛሬውን ርዕስስ ሰምተሻል? «ልጅ ማሳደግ ለእናት ብቻ የተተወ ነውን?» እንዴት ያለ ርዕስ! እኔ ብሆን ከዚህ የተሻለ አልመርጥላቸውም ነበር።

ስሚ... ጀመሩ። ሰላምታ እያቀረቡ ነው። ልጄ ደግሞ እሳቸው መናገር ሲጀምሩ መንቃት ይወዳል። ይኸው! ነቃልሽ። ያ ሁሉ ሰው እያያቸው፣ በዚህ ርዕስ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ነይና ልጅሽን ውሰጂ» ብለው ሊጣሩ ነው? ቢጣሩስ... ማቆሚያ ሲጠሩት ይሰማል እንዴ?

በይ ቦርሳዬን አምጪ። እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት አሳምረሽ ሰፋሽው! እሳቸውንም ሳልመርቃቸው አልሄድም። ፈጣሪ ሴት ልጅ ይስጣቸው። ዓይኗ የበራ፣ ትምህርት የጠማት፣ የምታኮራ። አድጋ ትዳር ስትይዝም ልክ እንደ አባቷ ለሴቶች የሚቆረቆር ሰው ያለበት ቤት ያግባት።

አሜን በይ እንጂ... ጮክ ብለሽ፣ በሩ ክፍት ነው።