ደንቡ የማያውቀው ቁር

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚወጣው አውቶቡስ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በመስኮቱ በኩል የበግ ጠጉር ባና የደረቡ ገበሬ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ስስ ኮት የለበሰ የወረዳው ጸሐፊ። ሽማግሌው ጀመሩ።

«የዘር ገብስ የጠየቅንበት አቤቱታ ለምን ተመለሰ፣ ጌታዬ?»

«ገብሳችንን ቁር መታው ብላችሁ ጽፋችኋላ። ደንቡ በረዶ፣ ውርጭ፣ አንበጣ ነው የሚለው። ቁር አይልም።»

«ታዲያ ምን ብለን ልንጽፍ ኖሯል?»

«ቁር ያው ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። ነፋስ ደግሞ ጉዳት አይባልም፣ አባቴ።»

«ነፋስማ አውድማ ላይ ለምነን የምናመጣው፣ እብቁን ከገብሱ የሚለይልን ወዳጃችን ነው። ቁር ሳንጠራው ከገደሉ አፋፍ ወጥቶ እሸቱን በቁሙ የሚያደርቅ ነው። እናቴም ‹ቁር መጣ፣ በጎቹን አስገባ› ትል ነበር እንጂ ‹ነፋስ መጣ› ብላ አታውቅም።»

«እኛ ከተጻፈው አንወጣም።»

«እውነትዎን ነው። የተጻፈ ነገር መች ይደርቃል!»

ሽማግሌው ይህን ብለው መስኮቱን እስከ ታች ከፈቱት።

«ኧረ ይዝጉት!»

«ምነው ጌታዬ? ነፋስ እኮ ነው።»

«ጆሮዬን ቆረጠኝ!»

«በረዶ መታዎት? ወይስ አንበጣ ነካዎት?»

«ኧረ በማርያም ይዝጉት፣ ቁሩ ሊገድለኝ ነው!»

«እንግዲያው እርሷን ቃል ይጻፏትና እዘጋለሁ።»

እኔም ከኋላቸው ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ መስኮቱ ቶሎ እንዳይዘጋ ተመኘሁ።