ካርቶን ላይ የጻፍኩት ማስጠንቀቂያ

ሰው ፊት ቆሜ መናገር ድሮም ያስፈራኛል። ሥራዬ ደግሞ አጋሮ አጠገብ ባለ የሻይ እርሻ የፀረ ተባይ ርጭት መከታተል ነው። የምንረጨው ተባይ የታየበትን ማሳ ብቻ ነው፤ የተወሰነለት ቀን ሳያልፍ ቅጠሉ አይለቀምም። ይህን በየጠዋቱ ለለቃሚዎቹ መንገር ነበረብኝ። እኔ ግን "መድኃኒት ተረጭቷል፣ አይለቀም" ብዬ በአማርኛም በኦሮምኛም ካርቶን ላይ ጻፍኩና ማሳው ጫፍ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ስደርስ በዕድሜ ትልቋ ለቃሚ አዴ ዘይነባ እዚያው ማሳ መሃል ቆመዋል፤ ቅርጫታቸው ሞልቷል። እንደ ልማዳቸው ሊያኝኩት አንድ ለጋ ቅጠል ወደ አፋቸው አስጠጉ።

"አይቅመሱት! ተረጭቷል!"

ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። ለቃሚው ሁሉ ቀጥ አለ። አዴ ዘይነባ ቅጠሉን ጣሉት።

"ያ ረቢ! ማን ነገረን?"

"ጽፌ ሰቅዬ ነበር እኮ።"

ቅርጫታቸውን ገለበጡት። ከቅጠሉ ሥር ካርቶኔ ወደቀ።

"ቅርጫቴ ስለተቀደደ አነጠፍኩት። ማንበብ አልችልም፤ ጆሮ ግን አለኝ።" እጃቸውን በሳሙና ሲታጠቡ ቀና ብለው አዩኝ። "ይሄን የሚያህል ድምፅ ይዘሽ ነው እንዴ የምትጽፊው፣ ልጄ?"