ስም ለጠፋባቸው ስም ያገኙት ኦዜል ትራሜል

ይህ ቤት ሞልቶባችሁ በየመስኮቱ ሥር በፀሐይ የቆማችሁ ሁሉ እንድትሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማነበው፣ በቤሰመር ከተማ የአባትን፣ የልጅንና የልጅ ልጅን ፀጉር በአንድ ወንበር ላይ ያስተካከሉት፣ በዚህችም ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስማቸው የጠፋ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ከአሮጌ ፎቶግራፍ ውስጥ እየለዩ በየስማቸው የጠሩት፣ የአጎቴ የአቶ ኦዜል ትራሜል የሕይወት ታሪክ ነው።

አቶ ኦዜል ከአባታቸው ከአቶ ሩበን ትራሜልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉቬኒያ ክሪም፣ በ1926 በአላባማ ግዛት፣ የማዕድን ኩባንያው ለሠራተኞቹ በደረደራቸው የእንጨት ቤቶች በአንደኛው ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ሳምንቱን ሙሉ ከመሬት በታች የብረት ድንጋይ ሲፈልጡ ሰንብተው፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለማዕድኑ ቡድን ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብለው ኳስ የሚቀልቡ፣ በዘመናቸው «ሩበን ካለ ኳስ መሬት አይነካም» የተባለላቸው ቀላቢ ነበሩ። ነገር ግን ልጃቸው የአራት ዓመት ሕፃን፣ እኔን የወለደችው የአጎቴ እህትም ገና በማኅፀን ሳለች፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው የጉድጓዱ ጣራ ተንዶባቸው ዐረፉ፤ በዚያው ዓመት ቤቱም ከነዕቃው ተቃጠለ። ስለዚህ አቶ ኦዜል የአባታቸውን መልክ ሳያስታውሱ፣ የሚያዩትም አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ሳይኖራቸው አደጉ። «እማ፣ አባዬ ምን ይመስል ነበር?» እያሉ ሲነዘንዟቸው እናታቸው ሐዘናቸው እየተቀሰቀሰ «ሂድ መስታወት ፊት ቁም፣ እኔን አታድርቀኝ!» ይሏቸው ነበር፤ እርሳቸውም ይቆማሉ፤ የሚያዩት ግን ያንኑ የተለመደውን ኦዜልን ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል በሠፈራቸው ተከታትለው፣ ወደ ማዕድኑ እንዳይወርዱ እናታቸው ስላስማሏቸው የፀጉር አስተካካይነት ሙያ ተማሩ፤ በጦርነቱም ጊዜ ባሕር ተሻግረው የወታደሮችን ራስ ሲላጩ ቆይተው በሰላም ከተመለሱ በኋላ የራሳቸውን ፀጉር ቤት ከፈቱ። በ1950 ከወይዘሮ ቨርዴል ኦትስ ጋር በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። የከተማውን ሁሉ ራስ ያሳመሩት ሰው የራሳቸውን ማጅራት ማሳመር አልቻሉምና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሮው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉላቸው ወይዘሮ ቨርዴል ነበሩ። አጎቴም «እኔ ያስተማርኳት ሴት እኔኑ እንደ በግ ትሸልተኛለች» እያሉ ሲያጉረመርሙ ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር።

እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1974፣ አቶ ኦዜል ይህን ሁላችሁም የምታውቁትን የነሐሴ ውድድር መሠረቱ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀበሩት የማዕድን ቡድኖች ፎቶግራፎች እየተሰበሰቡ፣ የተጠበሰው ዓሣና ባሚያው ከተበላ በኋላ መብራት ይጠፋል፤ ወዳጃቸው ወንድም ፌኒሞር ጋዲስ በፕሮጀክተር አንድ በአንድ በነጭ አንሶላ ላይ ያበሩታል፤ አውቀዋለሁ ያለ ብድግ ብሎ ስሙን ይናገራል። ስም ብቻ ግን አይበቃም ነበር፤ ከሰውየው አካል ማስረጃ መቁጠር ያስፈልጋል። የአጎቴ ሕግ «ሸሚዝ ይዋሱታል፤ ጆሮ ግን አይዋሱትም» የሚል ነበርና፣ ፊት ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ያረጃል፤ ጆሮ ግን ሰው ከተወለደበት እስከሚቀበርበት ያው ነው እያሉ፣ በወንበራቸው ላይ አንድ ጊዜ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ከአርባ ዓመት በኋላ በጆሮው ይለዩት ነበር። ዳኛው አጎቴ ማስረጃው መጽናቱን ሲናገሩም አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ያንን ስም በአንድ አፍ ይጠራል። አንዲት ከዲትሮይት የመጡ አሮጊት፣ በልጅነታቸው የሞተባቸው ወንድማቸው ስም ከዚያ ሁሉ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ እንደ ያዙ ቀሩ፤ ያን ቀን በዚያ አዳራሽ ውስጥ እጁን በአፉ ያልጫነ አልነበረም። ሽልማቱ ወይዘሮ ቨርዴል የሚጋግሩት የስኳር ድንች ፓይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ወደ ቤታቸው ይገባ ነበር።

ሰው ሁሉ ለጨዋታ ሲመጣ አጎቴ ግን የሚመጡት አባታቸውን ፍለጋ እንደ ነበር የማያውቅ አልነበረም። አዲስ ፎቶግራፍ በበራ ቁጥር ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ይላሉ፤ የሌላ ሰው አባት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ደስታውን ከልባቸው ይካፈሉና ወደ ኋላ ይደገፋሉ። ይህን ያህል ዓመት የሰውን አባት እያገኙ የራሳቸውን ማጣት ያላስመረራቸው መሆኑ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በ1983 ከአንድ የሟች ቤት የተገኘ ፎቶግራፍ በራ። በጠርዙ ላይ ቁጢጥ ያለው ሰው ጎኑን ሰጥቶ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ይታያል፤ ደረቱ ላይ የጎረቤቱ ማዕድን የሬይመር ስም ተጽፏል። አጎቴ ወዲያው ተነሥተው «እጁ ላይ የቀላቢ ጓንት አለ፣ ሸሚዙ የሬይመር ነው፤ የሬይመር ቀላቢ ደግሞ ክሊዎፈስ ባስኪን ነው» አሉ። ወንድም ጋዲስ «ጆሮውስ ኦዜል? ዛሬ ጆሮ ቀረ?» ብለው ቢያሾፉባቸው «ይህን ጆሮ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም፤ ባስኪንም እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ታዲያ ምን ትለኛለህ?» ብለው መለሱላቸው። አዳራሹም ተነሥቶ የባስኪንን ስም ጠራ፤ ፎቶግራፉም በዚያ ስም ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

ከዓመታት በኋላ፣ በ1994፣ የባስኪን የእህት ልጅ ከክሊቭላንድ የአጎቷን እውነተኛ ፎቶግራፍ ይዛ መጣች፤ ሰውየው ፈጽሞ ሌላ ነበር። በዚያ ነሐሴ ፎቶግራፉ ከግድግዳ ወርዶ እንደገና ስም አልባ ሆኖ በአንሶላው ላይ ሲበራ፣ አጎቴ በራሳቸው ሕግ ተረትተው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፤ አዳራሹም ጸጥ አለ። ኦዜል ባሉበት ጸጥታ ያልተለመደ ነገር ነውና፣ ወይዘሮ ቨርዴል ምን መጣ ብለው ፓዩን እንደ ያዙ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ወደ አንሶላው አዩ፤ ፓዩን ባገኙት ወንበር ላይ አኖሩ፤ ወደ ባላቸውም ሄደው «ኦዜል፣ ተነሥና ወደ በሩ ዙር» አሏቸው።

«ሴትዮ፣ በሰው ፊት ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«ዝም ብለህ ዙር አልኩህ!» ብለው አገጫቸውን እንደ ቅዳሜው ያዝ አድርገው ጎናቸውን ወደ ሕዝቡ መለሱት። «ይህን ጆሮ ዕድሜዬን ሙሉ በመቀስ ስዞረው ነው የኖርኩት። ላይኛው ጫፉ እንደ መጽሐፍ ገጽ የታጠፈ፣ ሥሩ ከጉንጩ የተጣበቀ። እስቲ እዚያ እዩ፤ ደግሞ እዚህ እዩ።»

ወንድም ጋዲስ «እህት ቨርዴል፣ ሸሚዙ እኮ የሬይመር ነው» ቢሉ፣ «ሸሚዝ ይዋሱታል ብሎ ያስተማረህ ይሄው የኔ ባል አይደለም እንዴ?» አሏቸው። በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ እናት ሃቲ ስፐርሎክ ከፊት ወንበር ምርኩዛቸውን አነሡ፤ «ልጆቼ፣ ባስኪን ጣቱን የሰበረ ሰሞን ሩበንን ለሬይመር አውሰውት ነበር፤ በሰው ሸሚዝ ሲጫወት በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ።

የሌላውን ሁሉ ጆሮ የሚያውቁት ሰው የራሳቸውን ጆሮ ከጎን አይተው አያውቁም ነበርና፣ በሕይወታቸው የሳቱት አንድ ሰው የገዛ አባታቸው ሆኑ። ማስረጃው መጽናቱን መናገር ያለባቸው ዳኛው እርሳቸው ስለሆኑ ሁላችንም ጠበቅናቸው። የስልሳ ስምንት ዓመቱ አጎቴ ወደ አንሶላው ቀርበው፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እየወደቀ፣ የሃያ ስድስት ዓመቱን ሰው ሲመለከቱ ቆዩና «ልጅ ነው እኮ!» አሉ። «ቨርዴል፣ ነይ እዪው፤ ጢሙ እንኳ በደንብ አልወጣም።» አዳራሹ ፍርዱን ሳይጠብቅ ተነሣ፤ ሩበን ትራሜል የሚለው ስም ሲጠራ መስኮቶቹ ነዘሩ፤ እኔም የፊቴን ወንበር ይዤ፣ ቆሜ ጠራሁት።

አጎቴ «ጥሎኝ ሄደ» ብለው በአባታቸው ላይ በልጅነታቸው የያዙትን ቂም፣ ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ተዉት ራሳቸው ይናገሩ ነበር። «ያን የሚያህል ልጅ ምን ያውቃል? መኖር ጀምሮ እንኳ አልጠገበም» ይሉና፣ ልጅ ለአባቱ ሳይሆን አባት ለልጁ እንደሚጸልይ ይጸልዩላቸው ነበር።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ልባቸው ደክሞ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ ወይዘሮ ቨርዴል እጃቸውን እንደ ያዙ ዐረፉ። ከኋላቸው የቀሩት የኀምሳ ዘጠኝ ዓመት የትዳር ጓደኛቸው ወይዘሮ ቨርዴል፣ ልጆቻቸው ሎሬና፣ ዊሊ ሩበንና ጆርጂያና፣ እህታቸው ወይዘሮ አይዴላ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ የሚከራከራቸው ያጡት ወንድም ጋዲስ፣ ራሱን የሚሰጠው ሰው ያጣው ይህ ከተማም ናቸው።

የሙታንና የሕያዋን አምላክ ሆይ፣ የባሪያህን የኦዜልን ነፍስ በዕረፍትህ ተቀበል፤ የቀሩትንም አጽና። አባታቸው ጥለውት የሄዱት የአራት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ዛሬ የሚመጡባቸው ሽበታም ሽማግሌ ናቸውና፣ ያ ወጣት አባት ሕፃን ልጁን ሲጠብቅ ሽማግሌው በአጠገቡ እንዳያልፉ፣ አንተው አስተዋውቃቸው። አሜን።