የሹሞቹ ቃሬዛ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ መኪናው የሰው ትከሻ ነበር፤ አዎ ትከሻ፣ ምን ያስቃችኋል! ከእኛ መንደር ታሞ ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት የሚሄድ በቃሬዛ ነው፣ ሌላ የለም። ታዲያ ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ የነፍስ አባታችን አባ ተገኘ ከቅዳሴ በኋላ ወንዱን ሰበሰቡና «የቃሬዛ ማኅበር አቁሙ፣ ለማኅበሩም ዳኛ ምረጡ» አሉ።

እና የሰፈሩን ትልቅ ሰው አያ ገሰሰን መረጡ። መቼም በእኛ አገር ሹመት ሲሰጡህ ወዲያው እሺ ካልክ ነውረኛ ነህ፤ እምቢ ትላለህ፣ ትለመናለህ፣ ከዚያ ነው እሺ የምትል። አያ ገሰሰም «ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ! አያ ደርሶ እያሉ!» አሉ። ጎረቤታቸው አያ ደርሶም «ኧረ በማርያም! እኔ ከማን በልጬ!» እያሉ ወደ ኋላ ማፈግፈግ። አባ ተገኘ ሰለቻቸውና «እንግዲያው ሁለታችሁም!» አሉ። ነገሩ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ሰው ከተሾመ ሦስተኛው ምን በደለ? የላይ ሰፈር አኮረፈ፣ የታች ሰፈር አኮረፈ፣ ታዲያ ኩርፊያውን ለማብረድ አንዱን የዳገት ሹም፣ አንዱን የቁልቁለት ሹም፣ አንዱን የወንዝ ሹም፣ አንዱን የዕረፍት ሹም፣ ስሙኝማ፣ የዕረፍት ሹም! እያሉ ወንዱን ሁሉ ሾሙት። «ሹም ሸክም አይንካ» ተባለና በአባ ተገኘ ግዝት ታሰረ።

ባለቤቴ ዘውዴ ያን ዕለት ወገዳ ገበያ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ነገርኩት።

«እኔስ ምን ሆንኩ?» አለኝ።

«አንተማ ሕዝብ ሆንክ።»

«ከነማን ጋር?»

«ብቻህን!»

ሳቅን። ሳቁ ግን አልቆየም፣ የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ነበርኩና ምጥ መጣ። መጣና አልለቅ አለኝ፣ ልጁም አልወጣ አለ። አዋላጇ ሆዴን ዳሰሰችና «ልጁ ተጋድሟል፤ ሐኪም ቤት ካልደረሰች እናትም ልጅም የሉም» አለች። ታዲያ ሹሞቹ ተጠሩ። መምጣቱንስ መጡ! ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሰርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት። እኔን ቃሬዛ ላይ አጋደሙኝ።

«አንሱ!» አሉ አያ ገሰሰ።

«አንሱ እንጂ!» አሉ አያ ደርሶ።

ዘውዴ የራስጌውን አነሳ። እኔ ወደ እግርጌ ሸርተት!

«ኧረ ያኛውን ጫፍ ያዙልኝ!» አለ።

«ሕዝቡ ይያዝ!»

«ሕዝቡ እኔ ነኝ፣ ጌቶቼ! ይኸው አንዱን ጫፍ ይዣለሁ!»

የዳገቱን ሹም ቢለምነው «ይሄ እኮ ሜዳ ነው፣ ወንድሜ፣ የእኔ ግዛት ከወንዙ ማዶ ነው» አይለው መሰላችሁ! የዕረፍቱ ሹም ደግሞ፣ ገና ሳንነሳ፣ «አሁንስ ትንሽ አታርፉም?» አለ።

እኔ እየሞትኩ ነው እኮ! ምጡ ሲይዘኝ እጮሃለሁ፣ ሲለቀኝ እሳደባለሁ። አባ ተገኘን አየኋቸውና «አባቴ፣ ይህን ግዝት ይፍቱልኝ!» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ትናንት አስረን ዛሬ ብንፈታ ማን ይፈራዋል?»

«እንግዲያው አይፍቱት! የፊቱን እንጨት የያዘ እሱ የማኅበሩ ዳኛ ነው፣ የለቀቀ ተሻረ ይበሉ!»

አባ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። አሰቡ፣ አሰቡና «ይሄስ ግዝት አያፈርስም» አሉ፤ «እንጨቱ ሸክም መሆኑ ቀርቶ በትረ ሹመት ይሆናል።»

ወይኔ ልጆቼ! ከአፋቸው ሳይወጣ ከዘራው ተወረወረ፣ ጋቢው ተወረወረ፣ አያ ገሰሰና አያ ደርሶ እንጨቱ ላይ ሲሻሙ ልደፋ ነበር! አያ ገሰሰ ቀደሙና ተነሳን። የቀረውም «ቀጥሎ ለእኔ» እያለ ጎንና ኋላውን ያዘ። ዳገቱ ላይ አያ ገሰሰ ሲያለከልኩ ከኋላ ያለው ወገባቸውን ይገፋል፣ አንዱ ላባቸውን ይጠርጋል፣ አንዱ በሶ ጨብጦ ያጎርሳቸዋል፣ «አይዞዎት ዳኛችን! በርቱ ዳኛችን!» ይላቸዋል። ለምን ቢባል፣ ነገ በእሱ ተራ እንዲሁ እንዲደገፍ ነዋ! ሲደክማቸው ሌላው ተቀበለ፣ እሱም ዳኛ ተባለ፣ እሱም ተደገፈ። ዘውዴም ተሾመ፤ እንጨቱን ይዞ ዞር ብሎ «አየሽኝ?» ይለኛል። «ፊትህን እይ፣ አንተ እብድ!»

ንፋስ መውጫ ስንገባ ተራው የአያ ደርሶ ነበር። ድሬሰሩ፣ ያኔ ሐኪማችን እሱ ነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ «አውርዷት!» አለ።

«ማን ይሻር ብለህ ነው?» አሉ አያ ደርሶ፤ «እኔ ገና አሁን መሾሜ ነው!»

እና የሐኪም ቤቱን ግቢ ይዞሩ ጀመር! እኔ እጮሃለሁ፣ ድሬሰሩ ነጭ ካፖርቱን ሰብስቦ ከኋላ ይሮጣል፣ «አብደዋል! ሰው ሊገሉ ነው!» ይላል፣ ማኅበሩም «በርቱ ዳኛችን!» ይላል። በመጨረሻ ዘውዴ እጄን ይዞ ጎትቶ ከቃሬዛው አወረደኝ። ድሬሰሩ ሆዴን ዳሰሰ። እንደገና ዳሰሰ። «ልጁ ተቃንቷል፤ ሆድሽን ማነው ያሸው?» አለኝ።

«ሹመት!» አልኩት።

ወንድ ልጅ፣ እልል! ሰው እንዲህ ነው ልጆቼ፤ ሸክም ስትለው ይሸሻል፣ ሹመት ስትለው ይሻማል። ብቻውን የተሾመ ግን ዳገቱን አይወጣም፤ ከኋላ የሚገፋው፣ በሶ የሚያጎርሰው ይፈልጋል።

«አክስቴ፣ አያ ደርሶስ እንጨቱን ለቀቁ?»

ኧረ ልጄ፣ ምን ይለቃሉ! ባዶውን ቃሬዛ ተሸክመው አይደል አገራቸው የገቡ! መንገደኛው «ማን ሞቶ ነው?» ሲላቸው ቆጣ ብለው «ማንም! ዳኛ ነኝ!» እያሉ። ቂ ቂ ቂ!